ሁለት ነጥብ ሰማንያ ሦስት

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሦስት ወር ጠበቅሁ፤ ንዴቱ አልበርድልኝ አለ።

በመሥሪያ ቤታችን ሂሳብ ክፍል አንዲት ልጅ ነበረች። ቋሚው ሠራተኛ ለቅቆ ሲሄድ "እስኪተካ ድረስ" ተብላ በኮንትራት መጣች። "እስኪተካ" ዘጠኝ ወር ፈጀ። ስትመጣ የአራት ወር የባንክ ማስታረቂያ (የእኛን መዝገብ ከባንኩ ጋር ማመሳከር) አልተሠራም፤ ቫውቸሩ በማዳበሪያ ታጭቆ ጥግ ተቀምጦ ነበር (አልቀለድኩም፣ በማዳበሪያ)። እሷ እየዘረገፈች፣ በየቀኑ እየለየች፣ ሁሉንም ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ አስገባችው። ለአንድ አቅራቢ ሁለት ጊዜ የተከፈለ 84,000 ብር ያገኘችውም እሷ ናት። ገንዘቡ ተመለሰ። ምስጋናውን አለቃዋ ወሰዱት፤ እሱን እንኳ ልተወው።

ከዚያ ቦታው በቋሚነት ይሞላ ተባለና ማስታወቂያ ወጣ፦ "ጠቅላላ ውጤት 3.00 እና ከዚያ በላይ"። እሷም እንደ ማንም ሰው አመለከተች። ውጤቷ 2.83 ነው። የመውጫ ፈተናውን በአንዴ አልፋለች። ትራንስክሪፕቷን ገልጦ ላየ ደግሞ ሦስተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ውጤቷ ድንገት ይወድቃል፤ ከዚያ እየተንፏቀቀ ይነሣል። እናቷን የቀበረችው ያኔ ነው። ይህን በቢሯችን የማያውቅ አልነበረም።

ኮሚቴው ውስጥ አምስት ነበርን። ሰብሳቢው ማመልከቻዋን አንሥቶ "መስፈርት መስፈርት ነው፤ ነገ ኦዲት ቢመጣ ምን እንላለን?" አለና ከወደቁት ጋር ደረበው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

3.71 ያለው ልጅ ተቀጠረ። ልጁ ጨዋ ነው፤ በእሱ ላይ ምንም የለኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። "ሥራውን ታለማምደው" ተባለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወንበሯን ከጎኑ ስባ፣ የቱ አቅራቢ ደረሰኝ እንደሚያዘገይ፣ የቱ ሂሳብ ከየቱ ጋር እንደሚምታታ አንድ በአንድ አሳየችው። አንድ ቀን "ይቅርታ እህቴ፣ ደግመሽ ታሳዪኛለሽ?" ሲላት "ምን ችግር አለው" ብላ ከመጀመሪያው ጀመረችለት። በመጨረሻው ዓርብ የካቢኔቱን ቁልፍ አስረከበች፣ የርክክብ ቅጹን ፈረመች፣ የሻይ ኩባያዋን በፌስታል ይዛ ወጣች።

እናንተ ሰዎች፣ ሥራውን የምታስተምረው ሴት ለሥራው አትበቃም ብሎ መፍረድን ከየት አመጣነው?

አመጣነው ስል አመጣሁት ማለቴ ነው። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። "በውጤት ማነስ ምክንያት ከውድድር ውጭ ሆናለች" የሚለው የእኔ የእጅ ጽሕፈት ነው። እኔ ደግሞ የተመረቅሁት በ2.31 ነው። ያኔ የቀጠሩኝ ሽማግሌ ወረቀቴን አጥፈው ወደ ጎን አደረጉትና አንድ የተዘበራረቀ መዝገብ ሰጥተው "አስተካክለህ ከሰዓት አምጣልኝ" አሉኝ። ሃያ ዓመት የበላሁት እንጀራ የዚያ ከሰዓት ነው። ያን ቀን ስብሰባው ላይ ይህችን ብናገር ምን እሆን ነበር? ምንም። ግን የእኔ ውጤት እንዳይነሣ ፈራሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከሁላችንም ዝቅተኛ ውጤት ያለኝ ምናልባት እኔው ነበርኩ፤ እስክሪብቶውንም የያዝኩት እኔው።

ውጤት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ያልተማረ ሐኪም እንዲወጋኝ አልፈልግም። ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንጠይቅ እንጂ! ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያኔ "የዘንድሮ ልጆች ሰነፉ" ያልን ስንቶች ነን? አንድ ትምህርት ቤት ከነግቢው በአንዴ ይሰንፋል? ቡና ላይ "የእከሌ ልጅ ሰቃይ ነው፣ አንተስ?" እያልን ያሳደግናቸው ልጆች ነገ ኮሚቴ ላይ ሲቀመጡ ከእኛ የተሻለ ይፈርዳሉ ብለን ነው?

በየመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ኮሚቴ ላይ የምትቀመጡ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ማመልከቻውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ሰውየውን ሥራ ስጡትና እዩት። ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው። ለእሷ አላደረግነውም፤ ዘጠኝ ወር ስትሠራ አይተናትም አላየናትም።

አሁን መርካቶ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ሂሳብ ትይዛለች አሉ። ደውዬላት ነበር፤ ስልኩን አላነሣችም፤ አልፈርድባትም።

በሚቀጥለው ወር ለሁለት ቦታ ማስታወቂያ እናወጣለን። ረቂቁ እኔ ጋ መጣ። 3.00 የሚለውን ሰርዤ "የተግባር ፈተና ይሰጣል" ብዬ ጻፍኩበት። ማክሰኞ ከሰብሳቢው ሲመለስ 3.00 ቦታው ላይ ነበር። ረቡዕ እንደገና ሰረዝኩት፤ በዚህኛው ከጎኑ የራሴን 2.31 ጻፍኩና ፈረምኩበት። ዛሬ ዓርብ ነው፤ እስካሁን አልተመለሰም።