ፈረሱም የለ፣ ሜዳውም የለ

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የሚባለው ነገር አዲስ አበባ ቤቲንግ ቤት (ውርርድ ቤት) ውስጥ አይሠራም። ፈረሱም የለ፣ ሜዳውም የለ። ያለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስክሪን፣ ካሸሯ የተቀመጠችበት መስኮት፣ ወለሉን የሸፈነ የተቀዳደደ ቲኬት፣ እና መረጃ ነው። መረጃ እንደ ጉድ ነው።

ቨርቹዋል የሚባለውን የፈረስ ውድድር ላላያችሁ፣ ኮምፒውተር የሠራቸው ፈረሶች በየጥቂት ደቂቃው ይሮጣሉ። አይደክሙም፣ ገብስ አይበሉም፣ አያነክሱም። አሸናፊውን የሚመርጠው ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፤ ሩጫው ለድምቀት ነው። የአሁኑ ዙር ያለፈውን አያስታውስም። ይህን ለአንድ ቋሚ ደንበኛ ብትነግሩት በትዕግስት ይሰማችኋል። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱን ተወው ባክህ፣ 4 ቁጥር ዛሬ እግሯ ቀሏታል» ይላችኋል።

እግሯ!

የኳስ ጠቋሚ፣ ማለትም ማን እንደሚያሸንፍ የሚነግራችሁ ሰው፣ ቢያንስ «አጥቂያቸው ተጎድቷል» ይላል፣ እውነትም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የእውነት ፈረስ በሚሮጥባት እንግሊዝም ጠቋሚው የሜዳውን ጭቃ ያያል፣ ፈረሱ የተጫነውን ክብደት ያሰላል፣ ጋላቢው ማን እንደሆነ ያጣራል። ቢሳሳት እንኳ የተሳሳተው ባለ ነገር ላይ ነው። እኛም ብንሆን ለፈረስ ባዳ አይደለንም። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» እየተባሉ በፈረስ ስም የተጠሩበት አገር ነው። ዛሬም ጥር 23 እንጅባራ ወርዳችሁ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ብታዩ፣ አጠገባችሁ የቆመው ገበሬ ስለ ጎረቤቱ ፈረስ ከነዘሯ ከነአመሏ ሊያወራችሁ ይችላል። የኛ ሰፈር ጠቋሚ ስለ 4 ቁጥር የሚያውቀው ቀለሟን ነው። ቀይ ናት።

ከጠቋሚዎቹ ሁሉ እኔ የምወዳቸው ባለ ደብተሩን ጋሼን ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፣ ጀርባው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ያለበት። ከጠዋት ጀምሮ ያሸነፉት ቁጥሮች ቁልቁል ተደርድረዋል፤ በቀይ እስክሪብቶ የተከበቡት «ባለ ዕዳ» ናቸው። ባለ ዕዳ ማለት ብዙ ዙር ሳታሸንፍ የቆየች ፈረስ ናት፣ በጋሼ ሕግ ዕዳዋን የግድ ትከፍላለች። ወጣቶቹ (በሩ ላይ ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው ይላል፣ ጢም ያላወጡ ግን አይጠፉም) ደብተሩን ከበው ያንጋጥጣሉ። አንዱ «ጋሼ፣ 2 ቁጥር መቼ ነው የምትከፍለው?» ሲላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በዚህ ሁለት ዙር ውስጥ፤ ካልሆነ በሦስት፤ ማሽኑን ካልነካኩት ማለት ነው» ይላሉ። ሙያው የቆመው በዚህች የመጨረሻ ቃል ላይ ነው። 2 ከገባች ጋሼ አወቁ፣ ካልገባች ማሽኑን ነካክተውታል። በነገራችን ላይ አጠገብ ያለው ባለ ሱቅም ደብተር አለው፣ እሱ ላይ ባለ ዕዳው ጋሼ ናቸው።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ስድስት ፈረስ አለ፣ የሁሉም ኦድ 5 ነው እንበል፤ ያሸነፈችው ያስያዛችሁትን አምስት እጥፍ ትሰጣለች ማለት ነው። ስድስቱም ላይ አሥር አሥር ብር ቆረጣችሁ፣ 60 ብር ወጣ። አንዷ የግድ ትገባለች፣ 50 ብር ትቀበላላችሁ። ጥቆማ አላስፈለገም፣ ማንም አልተሳሳተም፣ 10 ብር ግን የለችም። ኦዱ ቢለያይም ያቺ 10 ብር የሆነ ቦታ ተቀንሳ ነው የምትጠብቃችሁ። ይህን ለጋሼ ባስረዳቸው «ስድስቱንም የሚቆርጥ ምን ዓይነት ጅል ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥቆማ ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ቴሌግራም ላይ «ፊክስድ አለኝ»፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ ያለቀ ጨዋታ አለኝ፣ እያለ የሚሸጠው ሌባ ነው፣ እዚህ ግን ሰው ለሰው በነጻ ነው የሚሰጠው። ነጻ ስላችሁ ግን ከገባ «ማን ነበር የነገረህ?» ትመጣለች፤ ማኪያቶ አለ፣ ምሳም ሊኖር ይችላል። ከተበላ «ቁረጥ መቼ አልኩህ? ይመስለኛል ነው ያልኩህ» ነው መልሱ። የተነገራችሁን ንቃችሁ የተዋችሁት ከገባማ ወዮላችሁ፣ እስከ ማታ ትሰሙታላችሁ። ከሁሉ በላይ ነውር የሆነው ግን ጠቋሚውን «አንተስ ቆርጠሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ አዲስ ልጅ ሳያውቅ ጠየቀ። ጠቋሚው አንገቱን ደፍቶ «እኔ ለራሴ ስቆርጥ አይሠራልኝም» አለ። ቤቱ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠለት።

በቀደም ጋሼ ደብተሩ ግራ ሲያጋባቸው ወደ ካሸሯ ሄዱ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ሁሌ እዚሁ ነሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ የትኛዋ ናት የምትገባው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ እኔ ደመወዝተኛ ነኝ።»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «ደመወዝ መቼ መቼ ነው የምትቀበዪው?»

«ወር በገባ በ5።»

ቶሎ ብለው 5 ቁጥርን ቆረጡ። ሁለተኛ ወጣች። «አያችሁ፣ ለትንሽ!» አሉ ወደኛ ዞረው፣ እኛም በሚቀጥለው ዙር 5 ቁጥርን ቆረጥን።