«አጸዳሁ» አይበቃም

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር፣ ስሙን የማልጠራው ሆቴል። ለአራት ሰው ቁርስ አዘዝን። ልጁ እያንዳንዱን ሳህን በሁለት እጁ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ አራት ጊዜ ተመላለሰ። አራተኛው ሲደርስ የመጀመሪያው ቀዝቅዟል።

ልጁን አልተቀየምኩትም። ያንን ፈገግታ፣ ያንን «ምን ልጨምር ጋሼ?» ጀርመን በሻማ ብትፈልጉ አታገኙትም። «ማን አስተማረህ?» ስለው ግን «ማንም። እያየሁ ነው፤ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው» አለኝ። ከጀርባው «የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና» የሚል ባነር ገና አልወረደም። ማን ሠለጠነ? አለቆቹ። ሁለት ቀን፣ ሻይ ቡና፣ አበል፣ ሰርተፊኬት፣ የቡድን ፎቶ። ሳህን የሚያመላልሰው ልጅ ባነሩን ሰቀለ።

እኔ ጀርመን አውስቢልዱንግ፣ ማለትም እየሠሩ የሚማሩበት የሙያ ሥልጠና፣ የገባሁት ሰላሳን አልፌ ነው። 3 ዓመት ሙሉ ከሆቴል ወደ ሙያ ትምህርት ቤት መመላለስ፤ ትንሽም ብትሆን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ደመወዝ አለች። ያማረረኝ ደብተሩ ነው። የሠራኸውን ትጽፋለህ፣ አሠልጣኝህ አንብባ ትፈርማለች፤ ደብተርህ ካልተሟላ የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤቱ ለማጠቃለያው ፈተና አያስቀምጥህም። አንዴ «ክፍል አጸዳሁ» ብዬ ብሰጣት መለሰችልኝ። «አጸዳሁ አይበቃም። ከየት ጀመርክ? መስኮቱን መቼ ከፈትክ? በየትኛው ጨርቅ?» ቀዩ ለመጸዳጃው፣ ቢጫው ለእጅ መታጠቢያው። ሁለቴ አስጻፈችኝ። ሰደብኳት፤ በአማርኛ። እሷ ራሷ ግን ሰው ለማሠልጠን ተፈትና ያለፈች ናት።

አገር ቤት ተቋም የለም አላልኩም። አዲስ አበባ ያለው የቱሪዝም ማሠልጠኛ በንጉሡ ዘመን የተከፈተ ነው። ባለሆቴሉን ጠይቁት፣ «አሠልጥኜ ለዱባይ ልሸኝ?» ይላችኋል። ጀርመንም እኮ ሠልጣኞች ጥለው ይሄዳሉ! አብረውኝ ከጀመሩት ሁለቱ ዓመት ሳይሞላቸው ሹልክ ብለዋል። አሠልጣኜ በእነሱ ተናዳ የእኔን ደብተር መፈረም አልተወችም።

አላስችል ሲለኝ ተነሳሁና ባዶ ሳህኖቹን ሰብስቤ አሳየሁት፦ አንዱን በአውራ ጣት ጫን አድርገህ፣ ሁለተኛውን ከሥሩ በትንሿ ጣትና በመዳፍህ ደግፈህ፣ ሦስተኛውን በቀኝ እጅህ። በሦስተኛው ሙከራ ያዘው። ሳቁን ባያችሁ!

ባለሰርተፊኬቱ ሥራ አስኪያጅ እየሮጠ መጣ። እኔን «ይቅርታ ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለኝ፤ ልጁን «እንግዳ ታሠራለህ?!» ብሎ ወደ ጓዳ ሰደደው።

ሒሳቡን ሌላ ልጅ አመጣው።