ሲሪያል ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ

ባለሱቁ ላፕቶፑን ገለበጠ። ከሥሩ የተለጠፈችውን፣ የዕቃውን መለያ ቁጥር (ሲሪያል) የያዘችውን ስቲከር በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረጋት፤ ወደ መስኮቱ አዘንብሎ በብርሃን አያት፤ ከዚያ ዕቃውን በባንኮኒው ላይ ወደ እኔ ገፋው። «ጋሼ፣ ሲሪያሉ አይነበብም። ሲሪያል ከሌለው ደግሞ ዋስትና የለውም» አለኝ።

ይህን ለመስማት ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ፣ ዓባይ በረሃን ወርጄና ወጥቼ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዣለሁ። ላፕቶፑ የእህቴ ልጅ ንብረት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እናቷ ከጤፍ ሽያጭ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ሰጥታኝ፣ አዲስ አበባ ሄጄ የ1 ዓመት ዋስትና ካለው ሱቅ የገዛሁላት እኔ ነኝ። በሰባተኛው ወር ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች መጡ። ልጅቷ አልጣለችውም፣ ውኃም አላፈሰሰችበትም። ስቲከሩን ማንም አልላጠውም። በየቀኑ ከቦርሳ ሲወጣና ሲገባ፣ ጭን ላይ ሲቀመጥ፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ፊደሉ ለቀቀ። ከአሥራ ምናምን ፊደልና ቁጥር ውስጥ ለዓይን የቀሩት መጨረሻ ያሉት ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

በአማርኛችን ዋስትና የሚለው ቃል የመጣው ከዋስ ነው። ገበያ ወርዶ በሬ የሚገዛ ገበሬ ሻጩን ካላወቀው «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ዋሱ ስም ያለው፣ ቤቱ የሚታወቅ ሰው ነው፤ በሬው የሰው ሆኖ ቢገኝ ሄደው የሚይዙት እሱን ነው። በኮምፒውተር ገበያችን ግን ዋስ የሆነችው አንዲት ስስ ወረቀት ናት። እሷ ከተፋቀች ሻጩም፣ አስመጪውም፣ አምራቹም ዕቃውን አላውቅህም ይሉታል። ገዢው የገዛው ከሰው ሆኖ ሳለ ተጠያቂነቱ በሙጫ በተለጠፈች ወረቀት ዕድሜ መለካቱ ልክ አይደለም እላለሁ።

ለባለሱቁም መፍረድ አልፈልግም። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል፤ ገበያው ውስጥ ያለውን ማጭበርበር አውቀዋለሁ። ደህናውን ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) አውጥቶ የሞተ ራም ከትቶ «ስትሸጥልኝም እንዲህ ነበር» የሚል ገዢ አለ። የተቃጠለ ሃርድ ዲስክ (የመረጃ ማከማቻ) ከሌላ ቦታ አምጥቶ በአዲሱ ደረሰኝ ሊያስቀይር የሚሞክር ባለሙያም አለ። ባለሱቁ አንዱን እንዲህ ቀይሮ ከሰጠ አስመጪው ከእሱ አይቀበለውም፤ ኪሳራው የራሱ ነው። አምራቾችም በዋስትና ወረቀታቸው ላይ ቁጥሩ የተፋቀ፣ የተነሣ ወይም የተቀየረ ዕቃ እንደማይቀበሉ ይጽፋሉ። ምክንያት አላቸው፤ ዕቃው መቼ እንደተሠራ፣ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተላከ፣ ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቁት በዚያ ቁጥር ነው። ለኮምፒውተር ገጣጣሚ ድርጅት በጅምላ የተሸጠ ሃርድ ዲስክ ለምሳሌ፣ ቁጥሩ ሲገባ ብዙ ጊዜ «ወደ ገጣጣሚው ሂዱ» የሚል መልስ ነው የሚመጣው።

ዕቃው ውስጥ የተመዘገበ ቁጥር ገዢንም ይጠብቃል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት ኩባንያ ሃርድ ዲስኮች ቀድሞ ብዙ ሺህ ሰዓት የሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። የሥራ ሰዓታቸውን የሚቆጥረው መዝገብ ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር። ማታለሉ የተጋለጠው ዲስኩ በሌላ ስፍራ በሚይዘው ሁለተኛ መዝገብ ነው፤ ኩባንያውም ዲስኮቹን እኔ አልላክኋቸውም ብሏል። ስለዚህ ቁጥር አያስፈልግም አልልም። የምለው ቁጥሩ ከስቲከሩ ውጭም ይኖራል፤ ሊፈለግም ይገባል ነው።

ያን ቀን ባለሱቁን «አንድ ጊዜ ልክፈተው» አልኩት። መስመሮቹ በቀኙ በኩል ስለሆኑ ግራው ይነበባል። አስነሥቼ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገባሁ። የላፕቶፕ ሲሪያል ቁጥር ፋብሪካ ውስጥ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ይጻፋል፤ ስቲከሩ ቢቃጠል እንኳ እሱ አለ። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ መጨረሻ ያሉት ሦስቱም ስቲከሩ ላይ ከተረፉት ጋር አንድ ናቸው። ከዚያ እህቴ ጋ ደወልኩ። ካርቶኑን በርበሬ አስቀምጣበታለች። በርበሬውን ገልብጣ፣ ትንሹ ልጇ የካርቶኑን ጎን በስልክ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ያው ቁጥር ነው፤ ከነባርኮዱ። ስልኬን ከላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጬ ለባለሱቁ አሳየሁት። ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ልክ ነህ፤ ግን አስመጪው የሚያየው ስቲከሩን ነው» አለኝ። ስክሪኑን በራሴ ገንዘብ አስቀየርኩት።

እውነቱን ለመናገር ይህ መንገድ ለሁሉም ዕቃ አይሠራም። ማዘርቦርዱ የተቀየረ ላፕቶፕ ባለሙያው ቁጥሩን መልሶ ካልጻፈበት ባዶ ወይም የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የተጻፈ ቁጥር አለው፤ ጨርሶ ካልተነሣ ግን ማንበብ አይቻልም። ራም ላይ ባለችው ትንሽ ቺፕ ውስጥ ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ ላዩ ላይ ከተለጠፈው ጋር ግን ሁልጊዜ አይገጥምም። ፓወር ሰፕላይና ቻርጀር በአብዛኛው ከስቲከሩ በቀር ምንም የላቸውም። ለዚህ ነው ዕቃው ከመበላሸቱ በፊት፣ በሚሸጥበት ደቂቃ፣ ቁጥሩ ሌላ ቦታ መጻፍ ያለበት። ያ ቦታ ደረሰኙ ነው።

አሁን የምንቀበለውን ደረሰኝ እስቲ አውጥታችሁ እዩት። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የሚወጣው ወረቀት «ኮምፒውተር» ወይም «ላፕቶፕ» ብሎ ዋጋውን ይነግራል። የትኛው ላፕቶፕ እንደሆነ አይናገርም። ወረቀቱ ደግሞ በሙቀት የሚታተም ነው፤ ኪስ ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ ከቆየ ጥቂት ወራት ሳይሞላው ይነጣል። የእኛ ደረሰኝ ዋጋው የት እንደተጻፈ ለማየት እስኪያስቸግር ድረስ ደብዝዞ ነበር። ስቲከሩም ደረሰኙም የሚጠፉ ወረቀቶች ሆነው ሳለ የማስረጃው ሸክም ሁሉ ገዢው ላይ ተጭኗል።

ሕጉ ሸማቹን ጨርሶ አልረሳውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰውም የተሻለ ዋስትና ወይም ውል ካለው እሱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይላል። ጥሩ ነው። ግን 15 ቀን ከዓባይ ማዶ ላለ ሰው ስንት ቀን ነው? መንገድ በተዘጋባቸው፣ ኢንተርኔትም በተቋረጠባቸው ወራት ከሞጣ ወይም ከቡሬ ዕቃ የገዛበት ሱቅ ድረስ መመለስ ያልቻለውን ሰው አውቀዋለሁ። ዕቃውን በአውቶብስ ረዳት የላከም አለ፤ ሲደርስ ስቲከሩ በሌላ ጭነት ተፍቆ ነበር።

መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ አይደለም። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኮምፒውተር ሲገባ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 የሚባለውን የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል። ጠንቃቃ የንብረት ሠራተኛ ሲሪያሉን ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክሮ ይጽፈዋል፤ ዕቃው ለሠራተኛ ሲሰጥ ሞዴል 22 ላይም ያንኑ ቁጥር ይጽፋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስቲከሩ ቢጠፋ የትኛው ኮምፒውተር የማን እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል። ይህ ለመንግሥት ንብረት ከተቻለ ለእህቴ የጤፍ ገንዘብ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ሱቆች ከማሽኑ ደረሰኝ ጋር አታችመንት የምንለውን የእጅ ደረሰኝ ይሰጣሉ። እዚያ ላይ የሞዴሉን ስም፣ ሲሪያሉን፣ የዋስትናውን ማብቂያ ቀን በእስክሪብቶ ጽፎ ማኅተም ማሳረፍ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ቅጂው ሱቁ ጋ ስለሚቀር ባለሱቁንም ከአጭበርባሪ ገዢ ያድነዋል፤ የመጣለትን የሞተ ራም ከፓዱ (ከደረሰኝ ጥራዙ) ጋር ያስተያያል። የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትም ለፈቃድ ዕድሳትና ለዋጋ ዝርዝር ቁጥጥር ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ፓዱን ገልጦ ቁጥር መጻፉን ሊያይ ይችላል።

ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ካለ፣ ማሽኑም ያንኑ ቁጥር ካሳየ፣ ስቲከር ተፍቋል ብሎ መመለስ መቆም አለበት። ሻጩ ከአስመጪው ጋር ያለበትን ክርክር እዚያው ይጨርስ። ገዢው አስመጪውን አያውቀውም፤ ገንዘቡንም አልሰጠውም።

ባለፈው ወር ትምህርት ቤታችን ለኮምፒውተር ክፍሉ ስድስት ኮምፒውተር ለመግዛት ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሰበሰበ። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ስለነበርኩ ከራምና ከሃርድ ዲስኩ መጠን በታች አንድ መስመር ጨመርኩ፦ የእያንዳንዱ ዕቃ ሲሪያል ቁጥር ደረሰኝ ላይ ይጻፋል፤ ስቲከሩ ቢጠፋ ዋስትናው በደረሰኙ ይጸናል። አንዱ ሱቅ ይህን ማን ጠየቀ ብሎ ደወለልኝ፤ አስረዳሁት። ሦስቱም ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው መለሱት።