ስቡን ራሱ ይሠራል
ስለ ካንሰር ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «የካንሰር ሴል ስኳር ይወዳል» ብሎ አቆመ። ግማሹን ነው የነገረን። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል አዲስ ሽፋን ያስፈልገዋል፤ የሽፋኑ መሠረት ደግሞ ስብ ነው። ጤነኛ ሴል ባብዛኛው ስቡን ከደም ይወስዳል። ብዙ ዓይነት የካንሰር ዕጢ ግን እዚያው ጓዳው ይሠራል። ፋቲ አሲድ ሲንቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ካርቦን ሁለት ሁለት እየቀጠለ፣ 16 ሲሞላ ፓልሚቴት የሚባለው የስብ ዓይነት ይወጣል። የተመራማሪዎች ሐሳብ ዕጢውን ስብ ለማሳጣት ይህን ኢንዛይም መዝጋት ነው። የሚገርመው፣ ለክብደት መቀነሻ የሚሰጠው ኦርሊስታት በላብራቶሪ ይዘጋዋል። ሲዋጥ ግን ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም አይገባም፤ እባካችሁ ማንም ወደ ፋርማሲ እንዳይሮጥ! ዕጢው ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ማምረቻው ሲዘጋበት ሲዲ36 በሚባል፣ በሴሉ ሽፋን ላይ እንደ በር በሚያገለግል ፕሮቲን በኩል ስብ ከውጭ ሊያስገባ ይችላል። ቅባት መተው ብቻውንም አያስርበውም፤ ከስኳሩም ስብ ያወጣል።