ደሴቱ አለ፣ ማዕዱ ተነሥቷል

እዚህ እንግሊዝ አገር የምንኖር አበሾች ቡና ላይ ስንቀመጥ ከማይጠፉ ወጎች አንዱ «ፈረንጅ ለሰው የማያዝነውን ለወፍ ያዝናል» የሚለው ነው። ሌላው ቀበል ያደርግና «እኛ አገር ቢሆን ይሄኔ ተጠብሶ ተበልቶ ነበር» ይላል፤ ይሳቃል፤ ሁለተኛው ቡና ይቀዳል። ሁለቱም አባባሎች አይዋጡልኝም። በተለይ ሁለተኛው ሐሰት ነው። አብዛኞቻችን እኮ ዳክዬ እንኳ አንበላም።

ወፍ በመጨረስማ ከሆነ እንግሊዞቹ ቀድመውናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር እስከ ባሕር ዳር ሲዘልቅ፣ የከተማው ሰው ጠመንጃውን ይዞ ጀልባ እየተከራየ ገደል ላይ የሰፈሩትን የባሕር ወፎች ለጨዋታ ያህል ይለቅማቸው ነበር። ጫጩቱ ጎጆ ውስጥ ተርቦ ይሞታል፤ ላባው ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ይሄዳል፤ እንቁላሉ በቅርጫት ተሰብስቦ ገበያ ይወጣል። የባሕር ወፍ በመራቢያው ወራት እንዳይገደል የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1869 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የምንቀናበት ርኅራኄ ተጨቃጭቀው፣ ተካሰው፣ በግድ ያመጡት ነው።

ከኒውካስል ወደ ሰሜን በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ሲሃውስስ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ፋርን ወደሚባሉት ደሴቶች የሚኬደው ከዚያ በጀልባ ነው። ደሴቶቹን ከ1925 ጀምሮ የሚያስተዳድራቸው ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ነው፤ የጥበቃው ወግ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል። ቅዱስ ከዝበርት የሚባል መነኩሴ በ676 ገደማ በትልቁ ደሴት ላይ በዓት አበጅቶ ሲኖር፣ እዚያ የሚፈለፍሉትን የባሕር ዳክዬዎች ማንም እንዳይነካ ከልክሏል ይባላል። የአገሩ ሰው ዳክዬዎቹን እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራቸዋል። ይሄን የሰማ አበሻ አይደነቅም፤ የጣና ገዳማት ዛፍ እስካሁን የቆመው በማን ግዝት ሆነና!

የእናቴ ታላቅ ወንድም ከሻሸመኔ ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ፣ ሰኔ ላይ፣ ወደዚያ ወሰድኳቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከጀልባው ስንወርድ ኮፍያ አድርጉ ተባልን፤ ጋሼ «ወፍ ምን ታደርገኛለች» ብለው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። አርክቲክ ተርን የምትባለው ነጭ ወፍ እንቁላሏን የምትጥለው ባዶ መሬት ላይ፣ አንዳንዴም ከመተላለፊያው ጥግ ነው። የቀረባትን ሁሉ ከላይ ተወርውራ መሐል አናቱን በቀይ መንቁሯ ትጠቀጥቀዋለች። (ይህችው ወፍ ክረምቱን አንታርክቲካ ሄዳ ነው የምታሳልፈው። ከዚሁ ደሴት መከታተያ ታስሮላት የሄደች አንዷ፣ ደርሳ እስክትመለስ 96,000 ኪሎ ሜትር ያህል በርራለች።) ጋሼ ሁለቴ ከተወጉ በኋላ ባርኔጣውን አጠለቁና «ባለቤት ያለው አገር ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሰው የሚሄደው በተነጠፈለት የእንጨት መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ ፓፊን የምትባለው ባለ ቀለም መንቁር ወፍ ጎጆዋን ከመሬት በታች ስለምትቆፍር፣ ከመንገዱ የወጣ እግር ጫጩቱን ከነቤቱ ይደረምሰዋል። ጠባቂዎቹ ወራቱን እዚያው እየኖሩ ነው የሚሠሩት። ቆጠራ ሲሆን በደረታቸው ተኝተው ክንዳቸውን እስከ ትከሻ ጉድጓዱ ውስጥ ይከታሉ፤ ወፏ ካለች ትነክሳቸዋለች፣ እነሱም ይመዘግቧታል። በ2024 በዚህ መንገድ የተገኘው ወደ 50,000 ጥንድ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2022 የወፍ ጉንፋን ገብቶ ጠባቂዎቹ ነጭ መከላከያ ልብስ ለብሰው ከ6,000 በላይ ሬሳ ለቅመዋል፤ ትልቁ ደሴት ላይ ጎብኚ እንደገና እንዲወርድ የተፈቀደው በ2024 ጸደይ ነው። ከቱሪስት የሚገኘው ገንዘብ ቀርቶባቸው ዘጉት።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው «በቃ፣ ጥበቃ ማለት ይሄ ነው» ብሎ ይመለሳል። ጋሼ ግን የቀድሞ አስተማሪ ናቸውና «ይሄ ሁሉ ወፍ የሚበላው ከየት ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ተረጎምኩ፤ ጠባቂዋም ወደ ባሕሩ አመለከተች። ፓፊኗ ከባሕር ስትመለስ መንቁሯ ላይ እንደ ጢም ተንዠርግጎ የሚታየው ሳንድ ኢል የሚሉት ቀጭን ዓሣ ነው። ይህን ዓሣ የዴንማርክ መርከቦች በብዛት እያፈሱ ለአሣማና ለእርባታ ዓሣ መኖ ያደርጉት ነበር። በ2024 እንግሊዝና ስኮትላንድ በሰሜን ባሕር ውሃቸው ሳንድ ኢል ማጥመድን ከለከሉ። የአውሮፓ ኅብረት ተቃውሞ ጉዳዩን እስከ ግልግል ዳኝነት አደረሰው፤ እገዳው ግን አልተነሣም። ለእኔ የፋርን ቁም ነገር ከእንጨቱ መንገድ ይልቅ ይሄ ነው። ደሴቱ መኝታ ነው፤ ማዕዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ወዲያው «የሻላ ፔሊካኖች!» አሉ። የሻላ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ260 ሜትር በላይ ነው፤ ደሴቶቹ ላይ ለመድረስ ሰውም አውሬም ይቸገራል። ነጭ ፔሊካኖች እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነበር፣ ያውም በአፍሪካ ከታወቁት ታላላቅ መራቢያዎች አንዱ ሆኖ። ነገር ግን ሻላ ዓሣ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ረፋድ ላይ መሬቱ ሲሞቅ በሚነሣው አየር እየተንሳፈፉ፣ በመካከል ያለችውን ጠባብ ኮረብታ ተሻግረው ጎረቤቱ አቢያታ ሐይቅ ይወርዳሉ፤ ቆሮሶውን በከረጢታቸው ሞልተው ለጫጩቶቻቸው ይመለሳሉ። ጋሼ በወጣትነታቸው የአቢያታን ቆሮሶ በልተዋል።

ዛሬ አቢያታ ስፋቱን ከግማሽ በላይ አጥቷል። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ዝቅ ባለ ቁጥር ዳርቻው በኪሎ ሜትር ይሸሻል። የቀረው ውሃ ጨውነቱ በርትቶ ዓሣው አለቀ። ደሴቱን ማንም አልነካባቸውም፤ እንቁላላቸውንም የሰረቀ የለም፤ ፔሊካኖቹ ግን እጅግ ተመናመኑ። ፍላሚንጎዎቹ አልጌ ስለሚበሉ አሁንም ዳርቻው ላይ ይታያሉ። ጎብኚውም ያን ሮዝ ቀለም ፎቶ አንስቶ፣ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይመለሳል። የተረፉት ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ ርቀው ይሄዳሉ። ዝዋይ ዳር አጥማጆች ዓሣ ሲበልቱ ከአባ ኮዳ ጋር እየተጋፉ ፍርፋሪ የሚጠብቁ ፔሊካኖችን ያላየ የለም።

ውሃውን ማን ጠጣው? አቢያታን የሚመግበው በዋናነት ከዝዋይ የሚወርደው ቡልቡላ ወንዝ ነው። ዝዋይ ዙሪያ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም አለ፤ አዲስ አበባ ወጥ ውስጥ የሚገባው። ወደ አውሮፓ በአውሮፕላን የሚላክ ጽጌረዳም አለ። ከአቢያታ ራሱ ውሃ እየሳበ ሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ የሚውል ኬሚካል) የሚያመርት ፋብሪካም፣ ያውም በአቢያታ-ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ክልል፣ ተተክሏል። አውሮፓ ለገዛ ባሕሩ ወፍ ምሳ ሲከራከር፣ ከአበባ መደብሩ በሚገዛው ጽጌረዳ የእኛዎቹን ውሃ እየጠጣ መሆኑን የሚነግረው ሰው አልገጠመኝም። እኛም ብንሆን ከቲማቲሙ ንጹሕ አይደለንም።

ዲያስፖራው ስለ ፓርክ ሲያወራ የሚቀናው «አጥር ይታጠር፣ ዘብ ይቁም» ማለት ነው። አቢያታ-ሻላ ግራሩ ለከሰል እየተቆረጠና በከብት እየተጋጠ ስለሆነ ዘቡስ ያስፈልገዋል። ዝዋይ ላይ የሚቀዳውን ፓምፕ ግን የፓርክ ዘብ አያስቆመውም። የዴንማርኩ አጥማጅ በእገዳው ገቢ ቀርቶበታል፤ ዝዋይም ላይ ውሃ ይለቀቅ ቢባል የሚቀርበት ገበሬ አለ። ባለ ሩብ ሄክታሩን ሽንኩርት ተካይ አንተ ቅድሚያ ተራብ ለማለት፣ ኒውካስል ቁጭ ብዬ፣ አፌ አይደፍርም። ከፋብሪካውና ከትልልቆቹ እርሻዎች ይጀመር ቢባል ግን የሚያከራክር አይመስለኝም።