ፍየል ወዲህ፣ ከሰል ወዲያ

የማይቸኩል ሰው ማየት ያማረው ከምሳ በኋላ ድሬዳዋ ይምጣ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ከዚራ ሰፈርም መጋላ ሰፈርም ሱቁ ይዘጋል። ፍራሽ ይነጠፋል። ጫቱ፣ የባቢሌው ኦቾሎኒ፣ ቀዝቃዛው ውሃ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ የሚያጣድፍ ጉዳይ የለም። ሚስት ስትደውል "መጣሁ"፣ አበዳሪ ሲደውል "መጣሁ"። ማንም አይመጣም። ምን ይደረግ፣ ከተማዋ እኮ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ባቡር ስትጠብቅ ነው ያደገችው።

ይህን ሁሉ ትዕግሥት የታደለ ሕዝብ ፊት ታዲያ አንድ ፍየል አስቀምጡና ጉዱን እዩ።

ፍየል ጥድፊያ አይወድም። እንደ በግ ስብ የለውም። ወርቹና ታፋው ደግሞ ጅማት ይበዛበታል። ፍም ላይ ቀጥ አድርገው ከጣሉት የጫማ ሶል ይሆናል። መላው ግን ቀላል ነው፤ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል፣ የግራር ከሰል፣ የሚገጥም ክዳን። ከሰሉን ወደ አንዱ ጥግ፣ ሥጋውን ወደ ሌላው። "ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ" የሚለው ተረት ለማሾፍ ቢነገርም፣ ለዚህ አጠባበስ ከሱ የተሻለ መመሪያ አላየሁም። የበርሜሉ ሙቀት 120 ዲግሪ አካባቢ ይቆይ። ጅማቱ ውስጥ ያለው ኮላጅን ቀስ እያለ ይቀልጣል። የሥጋው ውስጥ 90 ዲግሪ ሲያልፍ ከአጥንቱ ራሱ ይላቀቃል። አራት ሰዓት፣ አንዳንዴም አምስት ይፈጃል። ሕጉ አንድ ነው፤ ክዳኑ አይከፈት። በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፣ ሰዓቱም ይረዝማል።

የመጀመሪያው ከፋች ሁልጊዜ "ልየው ብቻ" የሚለው ነው። ሁለተኛው "አቦ፣ ይሄ እሳት ሞቷል!" ብሎ በካርቶን ያራግባል። ሦስተኛው ሎሚ ይጨምቅበታል። አራተኛው "ጨው ልቅመስ" ብሎ ጎድኑን ይዞ ይሰወራል። ድግስ ከሆነ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ተብሎ ሁለት በርሜል ይቆማል። ምክሩ ግን ሃይማኖት አይለይም፣ ለሁለቱም እኩል ይዳረሳል።

ሀኒድ ቤት፣ ያ ለሰዓታት ቀስ ብሎ የሚበስለው የየመኖች ሥጋ የሚሸጥበት፣ የሚያዘወትረው ደግሞ አለ።

"እኔ የፍየል ነገር አይነገረኝም። ሀኒድ በልቼ ነው ያደግኩት።"

"እሱስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ምን ሰዓት አለው! ገና ስቀመጥ ይመጣል።"

እነዚህ ሰዎች ርቧቸው እንዳይመስላችሁ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ያውቁታል። ክዳኑን የሚያስከፍታቸው ምርቃናው ነው። የመረቀነ ሰው ሐሳቡን የሚያፈስበት ነገር ይፈልጋል። የአገሩን ጉዳይ ከሁለት ሰዓት በፊት ፈትቶ ጨርሷል። የቀረው ፍየሉ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሥጋው ይደርሳል፣ በሰው ሳይሆን በአላህ ሥራ። የሚበላው ግን የለም። ግማሹ ለጨብሲ ወጥቷል፣ ግማሹ ጉንጩ ገና ሙሉ ነው። ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ በርሜሉን ዞር ብለው ያላዩት የግቢው እትዬ ሰፊ ሰሃን ይዘው ብቅ ይላሉ።

"እናንተ ተጫወቱ ልጆቼ፣ እኔ አነሳዋለሁ።"

ወርቹም ታፋውም ወደ ጓዳ ይገባል። ከፍራሹ በኩል ባለ ካርቶኑ አንገቱን ያሰግጋል።

"እትዬ! እሳቱ አንሶታል ብያለሁ እኮ!"