ተክላችሁ አትሂዱ፦ ለድሬዳዋ ወገኖቼ

የድሬዳዋ ወገኖቼ ሆይ፣ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህም ማዶም፣ በከዚራም በመጋላም፣ በሳቢያንም በገንደ ቆሬም ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስለምወዳችሁና ዝምታው ስለከበደኝ ነው። በየሰፈራችን የጋራ የነበረው ክፍት መሬት የቆሻሻ መጣያ ሆኗል፤ ቆሻሻ ያልተጣለበትም ቀስ በቀስ በአጥር እየተገፋ ወደ ግለሰብ ግቢ ገብቷል። ይህን ያደረገብን ከሌላ አገር የመጣ ጠላት የለም። በየማታው በፌስታል ቋጥረን የምንወረውረው እኛ ነን፤ የጎረቤት አጥር አንድ ክንድ ሲገፋ እያየን፣ ነገ የእኔም ይገፋ ይሆናል ብለን አፋችንን የምንይዘውም እኛው ነን።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ተወርሶ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ፣ እኔ ያደግሁበት ቀበሌ ከአሸዋው፣ ማለትም ከደቻቱ ደረቅ የወንዝ መንገድ፣ ዳር ከፍ ብሎ ያለውን ቁራሽ መሬት ለአትክልት ከልሎት ነበር። ስለዚያ ዘመን የምናገረው ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ከየሰፈሩ ተወስደው ያልተመለሱትን ወጣቶች የሚረሳ ሰው ስለ ዘመኑ ባይናገር ይሻለዋል። ነገር ግን ያንን አትክልት ያለማው የቀበሌው ሊቀ መንበርም የአብዮት ጥበቃውም አልነበረም። ያለሙት እናቶቻችን ናቸው፣ እኛም ልጆቻቸው ከኋላቸው እየተከተልን።

የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው በዚህ ቆላ ጎመን በዋዛ እንደማይበቅል ያውቃል። ጎርፍ በወረደ ማግስት፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ከደንገጎ ተራሮች ተጠርጎ የመጣውን ደለል በጆንያ እያወጣን፣ ከጋሪ ፈረስ ፋንድያና ከፍየል በረት ከተጠረገ ፍግ ጋር ቀላቅለን መደቦቹን እናለብስ ነበር። ችግኙ ጠንከር እስኪል በኒም ቅርንጫፍ ዳስ ይጠለላል፤ ውኃ የሚያገኘውም ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ወይም ከጠለቀች በኋላ ነው፤ በቀትር የፈሰሰ ውኃ አብዛኛው ሥር ሳይደርስ ይተናልና። ማጠጫችን በሚስማር የተበሳሳ የዘይት ቆርቆሮ ነበር። ውኃው ከቦኖ ይቀዳ ነበር፤ ከቦኖው ውኃ ሲጠፋ ግን ቤት ውስጥ የተጠራቀመው የእህልና የአትክልት እጣቢ ወደዚያ ይሄዳል እንጂ ወደ መንገድ አይደፋም ነበር። ቆስጣው፣ ሰላጣው፣ ቃሪያው፣ ቲማቲሙ ሁሉ የቆመው በዚህ ድካም ነው፤ ከዳር የነበሩት ፓፓያና ዘይቱን ደግሞ የእኛ የልጆቹ ነበሩ።

ከሁሉም በላይ የማስታውሰው በቀበሌው አዳራሽ በር ላይ የተለጠፈውን የተራ ወረቀት ነው። የየቤቱ የማጠጫ ቀን በእሱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ወረቀቱ በፀሐይ ደብዝዞ ሲቀደድ እንኳ እያንዳንዱ ቤት ቀኑን በቃሉ ያውቀው ነበር። ኦሮሞውም ሶማሌውም፣ አማራውም ሐረሪውም፣ ጉራጌውም በዚያ ወረቀት ላይ እኩል ነበር። በረመዳን የማፍጠሪያው ሰዓት ከማጠጫው ሰዓት ጋር ስለሚገጥም የክርስቲያኖቹ ቤቶች የማታውን ተራ ይረከባሉ፤ በፋሲካ ሰሞን ደግሞ የሙስሊሞቹ ቤቶች ተራውን ይመልሳሉ። ማንም ስለ መቻቻል ንግግር አላደረገልንም፤ ችግኙ እንዳይደርቅ ብቻ እናስብ ነበር። ዛሬ ስለ ድሬ ፍቅር በየመድረኩ የምትናገሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ያ ፍቅር በየማታው ውኃ የሚቀዳ ሥራ እንደነበረው አትርሱ።

የመጀመሪያው ለቀማ አራስ ላለችበት ቤት ይሰጥ ነበር፤ ቀጥሎ ለታመመና ጧሪ ለሌለው ሽማግሌ። ከዚያ በኋላ ለየቤቱ ይከፋፈላል፤ የተረፈው ቀፊራ ገበያ ይሸጥና ገንዘቡ ለዘር መግዣ ይቀመጣል። ያልበሰለ ቲማቲም የቀጠፈን ልጅ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ያየው ጎልማሳ ይገሥጸው ነበር፤ የልጁም እናት «ልጄን ለምን ተናገርክ?» ብላ አትወጣም። ይህን ስል ድህነታችንን ለማሳመር አይደለም፤ ያ አትክልት ሰፈሩን በሙሉ የሚያጠግብ አልነበረም። ያም ሆኖ በሰፈራችን አራስ የተኛችበት ቤት አረንጓዴ ነገር ሳይደርሰው የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በጋራ ሀብት ላይ ተራ ሲጠፋ የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ፣ የቀድሞው ዓለማያ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በዓይናችን ፊት ደረቀ። ከተራቆቱት ኮረብታዎች የወረደው ደለል ሞላው፤ የሐረር ከተማ መጠጥ ውኃ ከእሱ ይሳብ ነበር፤ በዚያ ላይ በዳርቻው ያለው ገበሬ ለጫቱና ለድንቹ የየራሱን ፓምፕ ተከለ። እያንዳንዱ የሚስበው ለእሱ ጥቂት መስሎ ይታየው ነበር፤ ሁሉም ሲስቡት ግን ሐይቁ አልቻላቸውም። የሐረር ሕዝብ ጀሪካን ይዞ ሲንከራተት ቆይቶ፣ በመጨረሻ በእኛ አቅጣጫ ካሉት የሐሰሊሶ ጉድጓዶች ውኃ ሽቅብ ተስቦ እንዲደርሰው ግድ ሆነ። በኋለኞቹ ዓመታት ሐይቁ እንደገና ውኃ መያዝ መጀመሩ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የተራ ሕግ ካላገኘ ሁለተኛ የማይደርቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ ትተክላላችሁ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የሌማት ትሩፋት ተብሎ በየግቢው መደብ ይወጣል። መልካም ነው፤ እኔም አብሬያችሁ እተክላለሁ። ጥያቄዬ «በጥቅምት የት ናችሁ?» የሚል ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ዝናቡ ይቆማል፤ ከዚያ እስከ በልግ ድረስ በድሬ ምድር አንድን ችግኝ በሕይወት የሚያቆየው በሰው እጅ የሚቀዳ ውኃ ነው። እናንተ ግን ፎቶ ተነሥታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ችግኙን ፍየል ይበላዋል፣ የቀረውን ፀሐይ ይጨርሰዋል፤ በሚቀጥለው ሐምሌ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ችግኝ ታቆማላችሁ። ይህ በሕዝብ ገንዘብና በልጆቻችን ተስፋ ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ ልጁ ከእናንተ የሚማረው መትከልን ሳይሆን ጥሎ መሄድን ነውና።

ወደ አሸዋው የምትጥሉትም አይጠፋም። የከተማችን መጠጥ ውኃ የሚወጣው ከከርሰ ምድር፣ በተለይም ከሳቢያን ጉድጓዶች ነው፤ በከተማው ሥር ባለው ውኃ ውስጥ ናይትሬት እንደበዛና ምንጩም የመጸዳጃ ጉድጓድና የቤት ፍሳሽ መሆኑን ጥናቶች ከተናገሩ ቆይተዋል። ናይትሬት የበዛበት ውኃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው በጡጦ የሚያድገውን ሕፃን ነው። ደግሞስ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን የወሰደበት መንገድ ይኸው አሸዋ አይደለምን? በዚያ የውኃ መንገድ ላይ ቆሻሻ የሚከምር ሰው የሟቾቹን ቤተሰቦች ፊት እንዴት ያያል?

መሬት የለም ትሉኛላችሁ። በየትምህርት ቤቱ፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል ያለው ክፍት ቦታ የማን ነው? ውኃ ውድ ነው ትላላችሁ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን አትክልትና እህል ያጠባችሁበትን ውኃ በየቀኑ አስፋልት ላይ ትደፉታላችሁ። ሳሙና የነካውንና የመጸዳጃ ፍሳሽን ግን በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ አታድርሱ፤ በሽታ ነው። ጊዜ የለም የምትሉ ጎልማሶችን ደግሞ በርጫችሁን፣ ማለትም ጫት የምትቅሙበትን ጊዜ፣ አላስፈታችሁም፤ በርጫው የሚያበቃበት ሰዓት የማጠጫው ሰዓት ስለሆነ፣ ስትነሡ አንድ ጀሪካን ይዛችሁ በመደቡ በኩል እለፉ። አጥራችሁን በጋራው መሬት ላይ የገፋችሁ ግን፣ ሕጉ ሳይደርስባችሁ ወደ ነበረበት መልሱት፤ ልጆቻችሁ ያደጉት ከገፋችሁባቸው ሰዎች ልጆች ጋር ነው።

በእነዚያ መደቦች መካከል ያደጋችሁ እኩዮቼ ሆይ፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ከሌላው ይበልጣል፤ ሥራውን በእጃችሁ ስለሠራችሁት አላውቀውም ልትሉ አትችሉም። በመጪው ሰኔ፣ የመጀመሪያው ችግኝ ከመምጣቱ በፊት፣ የተራው ወረቀት ይጻፍና በየእድሩና በየአፎቻው (እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር ነው) በር ላይ ይለጠፍ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ቀን ለየቤቱ ይከፈል፤ የማፍጠሪያና የበዓል ቀኖች ቀድመው ይቀያየሩ። ስሙ ሳይጻፍ የቀረ ቤት ካለም ሁለት ሽማግሌዎች ሄደው በሩን ያንኳኩ፣ ምክንያቱንም በእርጋታ ይጠይቁት።